ሐሰተኛው ኬፍቴስ

ግሪኮች በጾም ወራት የሚጠብሱት አንድ የአትክልት ምግብ አላቸው። ስሙ «ፕሴፍቶኬፍቴዴስ» ነው፤ ሲተረጎም «ሐሰተኛ ኬፍቴዴስ» ማለት። እውነተኛው ኬፍቴስ ከተፈጨ ሥጋ ተድቦልቡሎ የሚጠበስ፣ እኛ ከጣሊያኖች የለመድነው የፖልፔቴ ዘመድ ነው። (ስሙን ከእኛ ክትፎ ጋር ለማዛመድ ምላሳችሁ ቢዳዳው አልፈርድባችሁም። ግን ዝምድና የላቸውም። የእነሱ በቱርክ በኩል ከፋርስ የመጣ ነው፤ የእኛ «ከተፈ» ከሚለው ግስ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ቅር የሚላቸው ተማሪዎች ነበሩኝ።) ሐሰተኛው ግን ሥጋም እንቁላልም አይገባበትም። ሳንቶሪኒ በምትባለው የእሳተ ገሞራ ደሴት ያለ መስኖ ከሚበቅለው ጥቃቅን ቲማቲም፣ ከሽንኩርት፣ ከናናና ከዱቄት ይሠራል። ሌላው ጋ ደግሞ ሽምብራ ይሆናል።

እኔ መጀመሪያ የቀመስኩት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከቀሩት የግሪክ ቤተሰቦች በአንዱ ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ሳህኑን ስታስቀምጥ «ዛሬ ሐሰት ነው የምንበላው» አለች፤ ፈገግ ብላ።

የሚጾም ሰው የተወውን ነገር መልኩን ሠርቶ ሲበላ ምን እያደረገ ነው? ጥያቄው የግሪኮች ብቻ አይደለም። እናቴ በሁዳዴ የሽምብራ ዱቄት በቅመም አቡክታ፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጣ፣ በቢላዋ ጫፍ ቅርፊቱን አውጥታለት፣ ጠብሳ ወጥ ውስጥ ትጨምረው ነበር። ሽምብራ ዓሣ ይሉታል። ዛሬ ደግሞ የከተማችን ካፌዎች የጾም ኬክ አላቸው፣ የጾም ፒዛ አላቸው። በዚህ ነገር ሆዱ የሚቃጠል አንድ ወዳጅ አለኝ። እሱ ሁዳዴን በሽሮ ገብቶ በሽሮ የሚወጣ ሰው ነው። «አንተ፣ እግዜርን በሽምብራ ልታታልሉት ነው?» ይለኛል። ሲለኝ ደግሞ እየቀለደ አይደለም።

ወዳጄ አያውቀውም እንጂ ከጎኑ ትልቅ ሰው አለው። ፕላቶ «ጎርጊያስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን የወጥ ቤቱን ጥበብ ሽንገላ ያስብለዋል። ሐኪሙ የሚበጀውን ያዛል፤ ወጥ ሠሪው የሐኪሙን ካባ ለብሶ የሚጥመውን ያቀርባል ነው ነገሩ። እንዲህ ላለ ሰው ሐሰተኛው ኬፍቴስ የሽንገላ ሽንገላ መሆኑ ነው። ተማሪው አርስቶትል ግን በ«ግጥም ጥበብ» መጽሐፉ፣ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስመሳይ ፍጡር ነው፣ አምሳልን አይቶ ይደሰታል፣ ይማርበታል ይላል። ለብዙ ዓመታት ሁለቱን ሳስተምር ምሳሌዬ ሥዕልና ተውኔት ነበር። መጥበሻ ይሻል ነበር መሰለኝ።

እስቲ ወደ መጥበሻው እንሂድ። ሥጋውን ታስፈጩና የደረቀ ዳቦ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ በእጅ ጭምቅ አድርጋችሁ ትቀላቅሉታላችሁ። የተፈቀፈቀ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ናና፣ ፐርሰሜሎ፣ ኦሬጋኖ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይገባል። በደንብ ይታሻል፤ ጥቂት ፍሪጅ ውስጥ ያርፋል፤ ተድቦልቡሎ ዱቄት ላይ ይንከባለልና ይጠበሳል። የዝኩኒው ተፈቅፍቆ ጨው ይነሰነስበትና ውኃው ሲወጣ በጨርቅ ይጨመቃል። በዚህ ላይ የሰነፈ ሰው መጥበሻው ላይ ተበታትኖ ያገኘዋል። ፌታ አይብና እንቁላል ስለሚገባበት ግን የፍስክ ነው። ሽምብራው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድርና ይፈጫል፤ ቀቅለው የሚፈጩም አሉ።

አሁን ዳቦውን ልብ በሉልኝ። ዳቦው ኬፍቴሱን ያለሰልሰዋል፤ የሥጋውንም ጭማቂ ይዞ ያቆያል። እውነት ነው። ግን ደግሞ ሥጋ ያበረክታል፤ ልጅ በበዛበትና ገንዘብ ባነሰበት ቤት ዳቦው እየጨመረ ይሄዳል። እንግዲህ እውነተኛው ኬፍቴስም ከፊሉ ሥጋ ያልሆነ ነው! የትኛው ቁራሽ ዳቦ ላይ ነው ሐሰት የሚጀምረው? ግማሹ ዳቦ የሆነውን ኬፍቴስ ለልጆቿ የምታቀርብ እናት ዋሸች የሚል አለ? ያንኑ ሰውዬው በሥጋ ዋጋ ቢሸጥልን ግን ሌባ ነው። እኛ ዘንድ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ እየቀላቀሉ የሚሸጡትን የምንረግመው መቀላቀል ኃጢአት ስለሆነ አይደለም፤ መቀላቀሉን ስለደበቁ ነው። የሳንቶሪኒው ጥብስ ስሙ ላይ «ሐሰት ነኝ» ብሎ ገበታ ላይ ይቀመጣል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው ገና ሲቀርብ ቀሎ ነው የቀረበው።

ስለዚህ በማታለሉ ክስ ወዳጄን አሸንፌዋለሁ። እሱ ግን አልተሸነፈም፤ ትክክልም ነው። «እሺ፣ ማንንም አላታለለም እንበል። ታዲያ ምኑን ተውከው?» አለኝ። ይኼ ይከብዳል። የግሪኮቹ ጥብቅ ሥርዓት በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ዘይት ራሱን ይከለክላል፤ ዘይት የሚፈቀደው ቅዳሜና እሑድ ነው። ማለትም ሐሰተኛው ኬፍቴስ በወይራ ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ፣ ለጥብቅ ጿሚ ከቲማቲሙ ይልቅ የሚያስጨንቀው ዘይቱ ነው። በሌላ በኩል ደም የለውም ተብሎ ኦክቶፐስ ይበላል። ኦክቶፐስ እየበላ ሽሮ በሚበላው ላይ የሚኮራ ሰው ይኖር ይሆን? እንጃ። መልክን ብቻ ይዘን ከሄድን መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም።

እኔ የምደገፍበት ሌላ መለኪያ አለ። «የሄርማስ እረኛ» የሚባል ጥንታዊ የክርስቲያኖች መጽሐፍ አለ፤ በግሪክኛ የተጻፈ፣ ወደ ግእዝም የተተረጎመ፤ ኬፍቴስ ሳይሻገር እሱ ባሕሩን ተሻግሮልናል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ለጿሚው የተሰጠው መመሪያ የሒሳብ ነው። በዚያን ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፣ ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ስጥ ይላል ሐሳቡ። ስለ ቅርጽ አይጨነቅም። ሽምብራው ዓሣ ይምሰል፣ ሥጋ ይምሰል፣ ሽምብራ ይምሰል፣ የሚጠይቀው ልዩነቱ የት ገባ ብሎ ነው። በዚህ መለኪያ ሽምብራ ዓሣ የበላች እናት ልታልፍ፣ በሽሮ የከረመው ሰውዬ ሊወድቅ ይችላል። ከውጭ በመጣ የወይራ ዘይትና በውድ ለውዝ የተንቆጠቆጠ የጾም ኬክ ደግሞ ልዩነት የሚባል ነገር የለውም፤ እንዲያውም ዕዳ አለበት።

ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ተዘፍዝፎ ተፈጭቶ ሲጠበስ ለቤተሰብ በቅቶ ለጎረቤት ይተርፋል። የግማሽ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ግን ኪስ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ወዳጄን የጠየቅሁት ስለዚህ ገንዘብ ነበር፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ከሽሮ የሚተርፈው የት ይሄዳል አልኩት።

«ለባለቤቴ ነው የምሰጣት» አለኝ።

እሷስ?

«እኔ እንጃ» አለ ትንሽ አሰብ አድርጎ፤ «ለፋሲካ በግ የምታጠራቅመው ይመስለኛል።»