ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ

የንባብ ክፍል፦ ኢሳ. 64፥6-8



ከገዳሪፍ ተነሥቶ በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ በኅዳር ወር የፈጣሪን ሥራ ያያል። በክረምት የለመለመው ቆላ ቢጫና ቡናማ ይለብሳል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በታች ካለው ሜዳ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ ሲወጣ፣ ነፋሱ በየዳገቱ ቅጠል ያረግፋል። ነቢዩ ኢሳይያስም ሰውን በእንዲህ ያለ ቅጠል መሰለው።

በዚህ መንገድ አንድ ወጣት አብሮኝ ተጓዘ። በፋሽጋ ሰሊጥ ሲያጭድ ሰንብቶ፣ ወባ ጥሎት፣ ደመወዙንም ተከልክሎ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። «አባቴ፣ በምን ፊቴ እናቴ ዘንድ እገባለሁ?» አለኝ።

በመንገዱ ዳር ራቁቱን የቆመ ዛፍ አሳየሁትና «ልጄ፣ ይህ ሞቷልን?» አልሁት።

«የለም፣ የዕጣን ዛፍ ነው» አለ።

አዎን፣ አልሞተም። ዝናም ሲቀር ውኃው በቅጠሉ በኩል እንዳያልቅበት ቅጠሉን ይጥላል፤ ሕይወቱ ግን በግንዱና በሥሩ ይኖራል። ዕጣኑም የሚገኘው ራቁቱን በቆመበት በበጋ፣ ልጡ ሲቆስል ነው።

ቅጠላችን ምንድር ነው? ገንዘባችን፣ ስማችን፣ በሰው ፊት የምንመካበት ጽድቃችን ነው። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙዎች ቤትና ንብረታቸውን ጥለው በዚሁ መንገድ ወደ መተማ ገቡ። የሰው ቅጠል በአንድ ቀን ይረግፋል። አዳምም ኀፍረቱን በበለስ ቅጠል ሰፍቶ ሸፈነ፤ ነገር ግን ከእግዚአብሔር ፊት መቆም አልቻለም።

ኢሳይያስ ግን በቅጠሉ መርገፍ ንግግሩን አልፈጸመም፤ ቀጥሎ እግዚአብሔርን አባታችን ብሎ ጠራው። አባት ልጁን በቅጠሉ አይመዝንም። በመስቀል ላይ ልብሱን የተገፈፈውና ስለ እኛ የቆሰለው ክርስቶስ ባዶ እጃችንን ይቀበላል። ጸጋ ማለት ይህ ነው።

እናንተ አሠሪዎች ግን ስሙ፤ የዕጣን ዛፍ እንኳ ያለ ልክ ሲቆስል ይደክማል፣ ፍሬውም ይመነምናል። የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ አስጠንቅቋል።

ወጣቱ ዝም ብሎ ተራራውን ሲመለከት ቆየ። አይከል ስንደርስ «እገባለሁ» አለ።

ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፤ አንተም ቅጠልህ ረግፎ እንደሆነ፣ አንቺም እጅሽ ባዶ እንደሆነ፣ ከደጅ አትቁሙ። አባታችሁ ቤት ግቡ። አሜን።