ከልጆቻችን ጋር የምንውልባት ሰንበት



በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ቅጥር ግቢ ከተከፈተ ወዲህ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንበሳውንና ሌሎቹን እንስሳት ለማሳየት ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች አሉ። ይህ መልካም ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለ ጌታ ቀን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የሰንበት ዕረፍት የፍጥረትን ውበት በደስታ የምናይበት ጊዜ እንደሆነ አስተምረዋል።

ነገር ግን አብሮ መሄድ ሁሉ አብሮ መሆን አይደለም። ቅዱስ ሉቃስ እንደሚነግረን፣ ማርያምና ዮሴፍ ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ኢየሱስ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። እንደሌለ ባወቁ ጊዜ ግን ተመልሰው ፈለጉት፤ ከሦስት ቀንም በኋላ በቤተ መቅደስ አገኙት። እኛስ? ልጃችን እጃችንን ይዞ «አባዬ፣ አንበሳውን ማን ፈጠረው?» ሲለን፣ ዓይናችን በስልካችን ላይ ተተክሎ ሳንሰማው ብንቀር፣ ከአጠገባችን ሳይርቅ ጠፍቶብናል። እንግዲህ ተመልሰን እንፈልገው፤ ጥያቄውንም ሰምተን እንመልስለት።

የመግቢያ ዋጋ ያጠረን ብንሆንም አንዘን፤ ጌታችን የአባቱን ቸርነት ሲያስተምር ያሳየው የሰማይን ወፎችና የሜዳን አበቦች ነውና። የጎረቤት ጥጃም ለልጅ ታላቅ ትምህርት ናት። የተረፈን ደግሞ ወላጅ የሌለውን የሰፈራችንን ልጅ አብረን እንውሰድ። ማታም በማዕድ ዙሪያ ተሰብስበን፣ ስላየነው ሁሉ ፈጣሪን እናመስግን።

እግዚአብሔር ቤተሰቦቻችንን ይባርክ። አሜን።