ማወቂያው እጅህ ላይ ነበር

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰው ሐሰት ሳይናገር ሊዋሽ ይችላል?

ይህ ጥያቄ ያደረብኝ ኮሌጅ ሳለሁ፣ በክረምት ዕረፍት በአንድ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ስሠራ ነው። አንድ ቀን ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ቴስታታውን መልሼ እንድገጥም ታዘዝኩ። አሠራሩን አውቀዋለሁ። የቮላኖው «ቲ» ምልክት ከማመልከቻው ጭረት ጋር ይገጥማል፤ የካምሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለው መስመር ደግሞ ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ይስተካከላል። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ የካምሻፍቱ ጥርሶች 34 ቢሆኑ፣ ካቴናው በአንድ ጥርስ ሲሳሳት በኮሎው ላይ 21 ዲግሪ ያህል ይዛባል፤ ቫልቮቹም ያለ ሰዓታቸው ይከፈታሉ።

ምልክቶቹን አስተካክዬ የካቴናውን መወጠሪያ አሰርኩ። የቀረኝ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሬ ምልክቶቹን እንደገና ማየት ነበር፤ ካቴናው ሲወጠር ስሕተቱ የሚገለጠው ያኔ ነውና። ነገር ግን መሽቶ ነበር። ክዳኑን ዘጋሁት። ሞተሩም ተነሣ።

ባለቤቱ ሰው እያመላለሰ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ነበር። «ደኅና ነው?» አለኝ።

«ይኸው ተነሣ እኮ!» አልኩት።

ቃሌ እውነት ነበር። እርሱ የጠየቀኝ ግን ስለ መነሣቱ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን «ዳገት አልወጣም አለኝ» ብሎ ተመለሰ። አለቃዬ ክዳኑን ከፍቶ ሞተሩን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረ። «ቲ» ሲገጥም የካምሻፍቱ መስመር አልገጠመም። አንድ ዙር ጨመረ፤ አሁንም በአንድ ጥርስ ስቷል።

«አላወቅኩም» አልኩ።

«ማወቂያው እጅህ ላይ ነበር» አለኝ።

ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው ዋሾ አይባልም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ሁለቱን ዙር አዙሬ፣ ምልክቱ ገጥሞ፣ ካቴናው በኋላ ቢዘል ኖሮ ሕሊናዬ ነጻ ነበር። እኔ ግን ያላዞርኩት ስሕተት ባገኝ እንደገና መፍታት እንደሚኖርብኝ ስለማውቅ ነው። አለማወቄን የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ሰው በመረጠው አለማወቅ ደግሞ ይጠየቃል።

እናንተስ? የወጣቶችን መዋጮ ሳትቆጥሩ «ትክክል ነው» ብላችሁ ፈርማችሁ ታውቃላችሁ? ጓደኛችሁ የሠራውን የቡድን ሥራ ሳታነቡ ስማችሁን ጽፋችሁበታል? የቀረቻችሁን ሁለት ዙር ዛሬ አዙሩ።

ለዚያ ሰው የእጅ ዋጋዬን መለስኩለት። በሦስቱ ቀናት ያጣውን ገቢ ግን ልመልስለት አልቻልኩም።