እናቶቻችንን እንዴት እናስባቸው? የቅድስት ሞኒካ አብነት



ዕድሜ ጠግባ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያንን ተቀብላ ያረፈች እናት በምትቀበርበት ቀን ከለቀስተኛው አፍ የምንሰማው የማጽናኛ ቃል «ወልዳ ለመሳም በቅታለች፤ ዕድሜዋን ጨርሳ ነው የሄደችው» የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ረጅም ዕድሜ የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና። ሆኖም ይህ ቃል ልብን ቢያሳርፍም፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ በቤቱ ውስጥ ለሚቀረው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ማታ ማታ ቤተ ሰቡን ለጸሎት የምትሰበስበው እርሷ ነበረች፤ ሕፃናቱን እጃቸውን ይዛ በስመ አብ ማለትን ያስተማረች እርሷ ነበረች፤ የተኳረፉትን ልጆቿን በአንድ ማዕድ የምታስቀምጥም እርሷ ነበረች። እንግዲህ እርሷ ስታልፍ ጸሎቱም፣ ትምህርቱም፣ ሰላሙም አብረዋት ይቀበራሉን? እናትን ማሰብ ማለትስ ምን ማለት ነው?

የእምነት ዘር ብዙ ጊዜ በእናትና በአያት እጅ እንደሚዘራ መጻሕፍት ይመሰክራሉ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የደቀ መዝሙሩን የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን ሥሩን አልዘነጋም፤ ያ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ፣ ቀጥሎም በእናቱ በኤውንቄ ዘንድ የኖረ መሆኑን ይነግረናል (2ጢሞ. 1፥5)። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳስ ከሆነ በኋላ የእምነቱን ምንጭ በጻፈበት ጊዜ አያቱን ማክሪናን ጠቅሷል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የአባቶችን ትምህርት ያቀመሰችው እርሷ ነበረችና። ከእነዚህ ሁሉ ግን ለጥያቄያችን በቅርብ የምትመልስልን ሚስት፣ እናትና አያት የነበረችው አፍሪካዊቷ ቅድስት ሞኒካ ናት። በላቲን ሥርዓት በዓሏ ነሐሴ 21 ቀን፣ የልጇ የቅዱስ አውጎስጢኖስ በዓል ደግሞ በማግስቱ ይከበራል።

ሞኒካ የኖረችው ዛሬ አልጄሪያ በምንለው አገር ታጋስቴ በተባለች ከተማ ነው። ባሏ ጳጥሪክዮስ በጊዜው ክርስቲያን አልነበረም፤ ደግ ሆኖ ሳለ ቁጣው የሚነድ፣ ለትዳሩም ታማኝ ያልነበረ ሰው ነበር። እርሷ በንዴቱ ሰዓት አትመልስለትም፤ ሲበርድ ግን ነገሩን ረጋ ብላ ታስረዳው ነበር። በአገልጋዮች ወሬ ምክንያት ተቀይማት የነበረችውን አማቷንም በትዕግሥቷ መለሰቻት። በሁለት በተጣሉ ሰዎች መካከል ስትገኝ ከአንዱ የሰማችውን መርዝ ለሌላው አታደርስም፤ የሚያስታርቀውን ቃል ብቻ ታቀብል ነበር። በመጨረሻ ባሏ ከመሞቱ በፊት ክርስትናን ተቀበለ፤ አውጎስጢኖስም ያኔ የ17 ዓመት ያህል ወጣት ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የሞኒካ ትዕግሥት የሚነገረው የሚደበድብ ባል እንዲጸና አይደለም። ልጇ እንደ መሰከረው ጳጥሪክዮስ እጁን አላነሣባትም። ነፍሳቸውን ይማርና ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ስለ ቤተ ሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ማሳሰቢያ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን በደል አጥብቀው አውግዘዋል። ስለዚህ በቤቱ የሚማታ ሰው የቅድስት ሞኒካን ስም መሸሸጊያ ሊያደርገው አይችልም።

እንደ እናት የሞኒካ መስቀል አውጎስጢኖስ ነበር። በትምህርቱ የላቀው ይህ ልጅ የማኒን የስሕተት ትምህርት ተከትሎ 9 ዓመት ያህል ባዘነ። እናቲቱ አንድን ጳጳስ ልጇን እንዲያነጋግርላት በእንባ ለመነችው፤ እርሱም ወጣቱ ገና ለመስማት እንዳልተዘጋጀ ተረድቶ፣ ይህን ያህል እንባ የፈሰሰለት ልጅ እንደማይጠፋ ነግሮ አሰናበታት። እ.ኤ.አ. በ383 ዓ.ም. አውጎስጢኖስ እናቱን በካርታጎ አታልሎ፣ እርሷ በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ስትጸልይ ባደረችበት ሌሊት በመርከብ ወደ ሮም ተሳፈረ። እርሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ባሕር ተሻግራ እስከ ሚላኖ ተከተለችው። ስለ ልጇ ለሰዎች ከተናገረችው ይልቅ ለእግዚአብሔር የተናገረችው ይበልጣል። ልጆቻቸው ከቤተ ክርስቲያን የራቁባቸው እናቶች በየቁምስናዎቻችን ብዙዎች ናቸውና ይህን ልብ ይበሉት፤ ልጁ በማይሰማበት ዘመንም ጸሎቱ ይሰማል።

አያትነቷንም እንመልከት። አውጎስጢኖስ ከጋብቻ ውጭ የወለደው ልጅ ነበረው፤ ስሙ አዴዎዳቱስ፣ ትርጉሙም «እግዚአብሔር የሰጠው» ማለት ነው። ሞኒካ የልጇን ኃጢአት ኃጢአት ማለቷን ሳትተው የልጅ ልጇን ግን ከፍቅሯ አላራቀችውም። እ.ኤ.አ. በ386 ዓ.ም. አውጎስጢኖስ ከሚላኖ ከተማ ወጣ ብሎ ለጥምቀት ሲዘጋጅ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቤት አብረውት ነበሩ፤ ስለ እውነተኛ ደስታ በተደረገው ውይይትም ሁለቱም ተካፍለዋል። በ387 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት አባትና ልጅ በቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ አብረው ተጠመቁ። ሕፃን በምንም ሁኔታ ቢወለድ አያቱ በፍቅር ስትቀበለው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባበትን በር ትከፍትለታለች።

በዚያው ዓመት ወደ አፍሪካ ለመመለስ በሮም አጠገብ ባለችው በኦስትያ ወደብ መርከብ ሲጠብቁ ሞኒካ በትኩሳት ታመመች፤ በ9ኛውም ቀን፣ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። አስቀድማ በአገሯ ከባሏ አጠገብ የመቃብር ቦታ አዘጋጅታ ነበር፤ ከእርሱ ጎን ለመቀበርም ትመኝ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ግን ይህን ምኞት ተወችው። ልጆቿ ስለ ሥጋዋ እንዳይጨነቁ፣ ነገር ግን በደረሱበት ሁሉ በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ብቻ ለመነች። በባዕድ አገር መሞት ያስፈራት እንደ ሆነ ለጠየቋትም ለእግዚአብሔር ሩቅ የሚባል ቦታ እንደሌለ መለሰች።

ይህ የሞኒካ ኑዛዜ ለዘመናችን ቤተ ሰቦች ትልቅ መጽናኛ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በዐረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ተበትነዋል። የእናቱን መርዶ በስልክ ሰምቶ፣ ፈቃድ ወይም ገንዘብ አጥቶ ለቀብር መድረስ ያልቻለ ስንቱ ነው! በሰው አገር ያረፈችውን እናታቸውን ሥጋ ወደ አገር ለማምጣት አቅም ያጡም አሉ። እነዚህ ሁሉ እናታቸውን እንደ በደሉ አድርገው በጸጸት ይቃጠላሉ። መቃብሩ ሩቅ ነው፤ መሠዊያው ግን በየትም አገር አንድ ነው። ቅዱስ ቁርባን በሚቀርብበት ስፍራ ሁሉ ልጅ እናቱን ማሰብ ይችላል፤ የሞኒካም ልመና ይኸው ነበር።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ በየቤታችን ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጭንቀት አለ፤ እርሱም ተዝካር ነው። በ40ኛው ቀንና በሙት ዓመት ድሆችን ማብላት፣ ፍትሐት ማስደረግ፣ ወዳጅ ዘመድን መሰብሰብ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን «ምን ይሉናል» በሚል ፍርሃት ብድር ተበድሮ መደገስ፣ ከዚያም በወጪው ምክንያት ወንድማማቾች መወቃቀስ በብዙ ቦታ ይታያል። ቅድስት ሞኒካ በአገሯ ልማድ መሠረት ገንፎ፣ ዳቦና ወይን ይዛ ወደ ሰማዕታት መቃብር ትሄድ ነበር። ሚላኖ በደረሰች ጊዜ በረኛው ከለከላት፤ ቅዱስ አምብሮስዮስ ልማዱ ለስካር ምክንያት እንዳይሆንና የአረማውያንን የሙታን ድግስ እንዳይመስል አግዶት ነበርና። እርሷም ሳታጉረመርም ታዘዘች። ከዚያ በኋላ ወደ ሰማዕታቱ የምትሄደው በጸሎት የተሞላ ልብ ይዛ ነበር፤ የሚቻላትንም ለድሆች ትሰጥ ነበር። ለዘመናት የቆየ ልማድ ለሚበልጥ ነገር ሲባል ሊስተካከል እንደሚችል ከዚህች ትሑት ሴት እንማር።

ሌላም የምንማረው አለ። በባህላችን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» እንላለን፤ የሞተን ሰው ስም አለማጉደፍም ጨዋነት ነው። ዳሩ ግን የሞተችውን እናት እንከን የለሽ አድርገን ስናወድስ ስለ እርሷ መጸለይን ልንረሳ እንችላለን። ቅዱስ አውጎስጢኖስ እናቱን እጅግ ቢወድም ድካሟን አልሸሸገም። በልጅነቷ ወይን ለመቅዳት ስትላክ በስውር መቅመስን እንደ ለመደች፣ አገልጋይዋ ሰካራም ብላ በሰደበቻት ጊዜ አፍራ እንደ ተወችው ጽፎልናል። ስለ ኃጢአቷም ይቅርታ እንዲደረግላት እግዚአብሔርን ለመነ፤ መጽሐፉን የሚያነቡ ሁሉ እናቱንና አባቱን በመሠዊያ ፊት እንዲያስቡለትም ጠየቀ። ይህን የጻፈው ከሞተች 10 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ለሙታን መጸለይ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት ለወደቁት መሥዋዕት እንዲቀርብላቸው ገንዘብ አሰባስቦ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ላከ ተጽፏል (2መቃ. 12)። በግእዝም ሆነ በላቲን ሥርዓት ቅዳሴያችን ያረፉትን የምናስበው ስለዚህ ነው።

ማልቀስስ? ሞኒካ ነፍሷን በሰጠች ጊዜ ወጣቱ አዴዎዳቱስ ጮኾ አለቀሰ፤ በዙሪያው የነበሩትም ዝም አሰኙት። አውጎስጢኖስም እንባውን ገትቶ ቀብሩን ፈጸመ፤ በኋላ ግን ብቻውን በእግዚአብሔር ፊት ሲሆን አለቀሰላት። በትንሣኤ ማመን እንባን አያስቀርም፤ ያለ ተስፋ ከማልቀስ ግን ይጠብቃል። እንግዲህ በየቤታችን ሕፃናት ስለ አያታቸው ሲያለቅሱ «ዝም በሉ» ብለን አንከልክላቸው፤ አብረናቸው እንጸልይ።

ስለዚህ በዚህ ሩብ ዓመት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ሦስት ነገሮችን እንዲያደርግ እንመክራለን። አንደኛ፣ ያረፈችው እናት ታደርሰው የነበረውን ጸሎት ከቤቱ አንድ ሰው ይረከበው፤ መቁጠሪያዋ በሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከሚቀመጥ በልጅ ልጇ እጅ ይገኝ። ሁለተኛ፣ ስሟ በቅዳሴ እንዲታሰብ ወደ ቁምስናው ይሂዱ፤ ለድግስ ከታሰበውም ወጪ ከፍሎ ለተቸገረ ይስጡ። ሦስተኛ፣ እርሷ ለማስታረቅ የደከመችባቸው ሰዎች ካሉ ሳይታረቁ ለተዝካሯ አይቀመጡ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ሕፃናቱን «ከአያታችሁ የተማራችሁት ጸሎት የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ በሕይወት ያሉትንም አያቶች ጋብዛችሁ ለልጆቹ እንዲመሰክሩ አድርጉ። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. የአያቶችና የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በሐምሌ ወር፣ በቅዱሳን ኢያቄምና ሐና በዓል አቅራቢያ እንዲከበር የወሰኑት አረጋውያን እንዳይዘነጉ ነው። እናትን ከሞተች በኋላ ማሰብ የሚገባ ከሆነ፣ በሕይወት ሳለች አጠገቧ ተቀምጦ መስማት እንዴት አብልጦ አይገባም!

የሞኒካ ዐፅም ከብዙ ዘመን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1430 ዓ.ም. ወደ ሮም ተወስዶ ዛሬ በልጇ ስም በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የመቃብሯ ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ ስብራት በ1945 ዓ.ም. በኦስትያ መሬት ሲቆፈር ተገኝቷል። ድንጋዩ ተሰብሮ፣ በአፈር ተሸፍኖ ቆየ፤ በመሠዊያ ፊት መታሰቧ ግን እስከ ዛሬ አለ።

የእናቶቻችንን ድካም የሚያውቅ እግዚአብሔር በእምነት ያረፉትን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያኑርልን፤ በሕይወት ላሉት ጤናና ሰላም ይስጥልን፤ እኛንም ያስተማሩንን እምነት ለልጆቻችን እንድናስተላልፍ ያብቃን። አሜን።