ስለ ዕውቀት ባልንጀርነት

ሁለት ሰዎች አንድ ማሳ አብረው ቢያርሱ፥ በመከር ጊዜ ግን እህሉ ሁሉ በአንደኛው ጎተራ ቢገባ፥ ያ ባልንጀርነት አይባልም። በዛሬው ዘመን የልዩ ልዩ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በምርምርና በማስተማር አብረው ለመሥራት የሚዋዋሉት ውል ብዙ ነው። የውሉም ቃል ያማረ ነው። ነገር ግን ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው፥ ውልም ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ «ትብብር» ይላል፤ ወርቁ የሚገለጠው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ፥ ዕውቀቱ በማን ስም እንደ ተጻፈና በማን ቤት እንደ ቀረ ሲታይ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ዕውቀት እንደ እህል አለመሆኑ ነው። እህል ቢካፈሉት ይጎድላል፤ ዕውቀት ግን ከጧፍ ጧፍ እንደ መለኮስ ነው፥ ሰጪው አይጨልምበትም። ስለዚህ አንዳንዶች «ካልጎደለ ምን ተወሰደ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልሱንም በሆነው ነገር መመርመር ይገባል።

በ17ኛው መቶ ዓመት ከመካነ ሥላሴ የተነሡ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በሮማ ይኖሩ ነበር። በኤርፉርትና በላይደን የተማረው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 ዓመት በዚያ አገኛቸው፤ ዓመቱ እዚህም ከዚህም በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ለቅሞ ነበርና፥ ከሊቅ አፍ መስማት ያስፈልገው ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ሄደው ስለ ቋንቋው፥ ስለ አገሩ ታሪክና ሥርዓት አስረዱት። በ1658 ግን በእስክንድሮን አጠገብ በመርከብ አደጋ ሞቱ።

ሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፥ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 አሳተመ። መነኵሴው በሕይወት የሉም ነበርና፥ ስማቸውን ቢሰውረው የሚከሰው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ከእርሳቸው እንደ ተማረ መሰከረ፤ በ1691 ባወጣው ማብራሪያም መልካቸውን በሥዕል አተመ። የቅን ተማሪ ሥራ ይህ ነው፤ በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ተማሪ ያፍራል፥ መምህሩን የሚጠራ ግን ይከበራል። ሆኖም መጻሕፍቱ በላቲን ተጽፈው በሩቅ አገር ታተሙ፤ የአባ ጎርጎርዮስ ወገኖችም ለብዙ ዘመን ሊያነቧቸው አልቻሉም። ስም ከበረ፥ ፍሬው ግን ወደ ተዘራበት አገር አልተመለሰም። እንግዲህ ስም መጥራት ግማሹ ምግባር እንጂ ሙሉው አይደለም።

ሁለተኛውን ግማሽ ለመፈጸም የሞከረ ሥራ በ1973 ተጀመረ። በአሜሪካ በሚኔሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት ጋራ ተስማምተው፥ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ብራናው ከባለቤቱ ጋራ ቀረ፤ የተጓዘው ጥላው ብቻ ነው። ከፊልሙም አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በሚኔሶታ ተቀመጠ። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት እንዲህ ተነሡ። ዝርዝራቸውንም በማዘጋጀት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ረዥም ዘመን ደከሙ። ኢትዮጵያዊው በዚህ ሥራ የሚጠየቅ ምስክር ብቻ አልነበረም፤ መርማሪና ጸሓፊ ነበረ እንጂ።

ነገር ግን ውል መጻፍ ብቻውን አያድንም። በ2005 ኢትዮጵያ የጤፍን ዘር ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መካፈል ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋራ ተዋዋለች። ኩባንያው የጤፍ ዱቄትን ስለ ማዘጋጀት በአውሮፓ የፈጠራ መብት በስሙ አወጣ፤ በ2009ም ከሰረ፥ ኢትዮጵያም ተስፋ ያደረገችውን አላገኘችም። የሔግ ፍርድ ቤት በሆላንድ ያለውን መብት የሻረው በ2018 ነው። ይህ የንግድ ነገር ቢሆንም ለዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ነው፤ የምርምር ፍሬ ከመጽሐፍ ቤት ወጥቶ ወደ ገበያ የሚገባበት ቀን ይመጣልና፥ ያን ቀን አስቀድሞ ያላሰበ ውል ሰም ብቻ ነው።

እንግዲህ «ካልጎደለ ምን ተወሰደ?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው፤ ዕውቀቱ አልጎደለም፥ የዕውቀቱ ቤት ግን ጎደለ። ክብሩና ዋጋው ዘወትር ወደ ሩቅ ሲሄድ፥ በቤቱ ያለው ልጅ የአባቱን መምህርነት ትቶ ይሄዳል፤ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፥ ከዚያም የሚለኮስበት ጧፍ አይገኝም። ያን ጊዜ ተቀባዩም ይጎዳል፤ የሚጠይቀው መምህር አይኖረውምና።

ስለዚህ በቅን ኅብረት ውስጥ የምርምሩ ጥያቄ በሁለቱ ወገን ይታሰባል፤ መጽሐፉ፥ ዘሩ ወይም ደሙ የሚመረመርበት ሰው ነገሩን ተረድቶ ፈቃዱን ይሰጣል፤ የሠራው ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ ፍሬውም ሰጪው በሚያነበው ቋንቋ ይመለሳል።

ዕዳው ግን በባለጠጋው ላይ ብቻ አይደለም። ድሀው ዩኒቨርሲቲ ለመንገድ አበልና ለስም ብቻ ያላነበበውን ውል ቢፈርም፥ የተመለሰለትንም ቅጂ አቧራ ቢያለብሰው፥ ራሱን ገባር ያደረገ ራሱ ነው። ጎተራ ያልሠራ ሰው ድርሻው ቢመጣለት የት ያገባዋል? ባልንጀርነት የሚጸናው አንዱ ለመመለስ ሲተጋ፥ ሌላውም ለመቀበል ሲዘጋጅ ነው።