ሙታን እምቢ አይሉም

ከዋሽንግተን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ የሚገኘው የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. ከ1864 ጀምሮ የአሜሪካን ወታደሮች አስከሬን ሲቀበል ኖሯል። ዛሬ ከ400,000 በላይ ሰዎች ያረፉበት ይኸው ሥፍራ በየዓመቱ የገና ሰሞን የጥድ ጉንጉን ይለብሳል። ልማዱን የጀመሩት የሜይን ነጋዴ ሞሪል ዉስተር ሲሆኑ፣ በ1992 ከገበያ የተረፏቸውን ጉንጉኖች ወደዚያ ላኩ፤ በ2007 ደግሞ ሥራውን የሚመራ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ጉንጉን የሚገዛው ከመሥራቹ ቤተሰብ ኩባንያ መሆኑ ወቀሳ አስነስቷል፤ ይህን ግን ለሒሳብ መርማሪዎች እንተወው።

የከረረው ክርክር ሌላ ነው። የማኅበሩ ሰዎች ጉንጉኑ ሃይማኖት የለውም፣ አረንጓዴነቱ የመታሰቢያ ምልክት ብቻ ነው ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው በበኩላቸው፣ በገና ዋዜማ ከነቀይ ሪባኑ የሚቀመጥ የጥድ ጉንጉን በዚያ አገር ምን እንደሚናገር ሕፃን እንኳ አይስተውም ባዮች ናቸው። በዚህ ነጥብ እውነቱ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ይመስለኛል። ማኅበሩ ራሱ የዳዊት ኮከብ የተቀረጸበትን ድንጋይ፣ ቤተሰብ ካልጠየቀ በቀር፣ እንዲያልፉት በጎ ፈቃደኞቹን ያዛል፤ ትርጉም የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ማለፍ ለምን አስፈለገ? በወታደር መቃብር ላይ እንዲቀረጹ መንግሥት የፈቀዳቸው የእምነት ምልክቶች ከ70 ይበልጣሉ፤ የኢአማኒው ምልክት ሳይቀር ከእነዚሁ አንዱ ነው። እስላሙስ? ቡድሂስቱስ? ምልክት ሳያስቀርጽ የሞተውስ? የእነዚህ ዝምታ እንደ እሺታ ተቆጠረ።

ሊናቅ የማይገባው መልስ አለ፤ ይኸውም በተሰለፉት ጉንጉኖች መካከል ባዶውን የቀረ ድንጋይ የተረሳ ይመስላል፣ እኩልነት ሁሉንም ማልበስ ነው የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ነው። ነገር ግን ባዶውን ድንጋይ የተረሳ ያስመሰለው የሞተው ሰው እምነት አይደለም፤ የጉንጉኑ ሰልፍ ነው። አንዱን ልማድ የሁሉ መለኪያ ካደረግን በኋላ የጎደለውን እንሙላ ማለት፣ አንባቢ ሆይ፣ እኩልነት ነውን?

ጉንጉን ገለልተኛ ሆኖ አያውቅም። ባራክ ኦባማ በ2009 በዚያው መካነ መቃብር ለነበረው የደቡብ ተገንጣዮች ሐውልት ጉንጉን እንዳይልኩ ምሁራን በደብዳቤ ለመኗቸው። ፕሬዚዳንቱ ግን ላኩ፤ በዋሽንግተን ከተማ ለሚገኘው የእርስ በርስ ጦርነት ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያም ሁለተኛ ጉንጉን ጨመሩ። አንዱ ጉንጉን ምንም ባይናገር ሁለተኛው ባላስፈለገ።

እኛ ስደተኞች ይህን ክርክር እንደ ባዕድ ወሬ ብቻ ልናየው አንችልም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆች በአደባባይ እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። ለቅሶን መከልከልና ጉንጉን መስጠት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ የመጀመሪያው ግፍ፣ ሁለተኛው ደግነት ነው። ሆኖም በሁለቱም ዘንድ የሟቹ ወገን አልተጠየቀም። በአገራችን እንኳ ተዝካር የሚያወጣው ዘመድ ነው፤ ጎረቤት ያግዛል እንጂ በሟቹ ስም አይወስንም።

ቤተሰብ ያለውን መጠየቅ ይቻላል፤ የሚያለፋ ቢሆንም። ጠያቂ ዘመድ ያልቀረለት የ1864 ሟችስ? ማኅበሩ ጉንጉን የሚያኖር ሰው በድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ስም ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያዛል። ለእንዲህ ያለው ሟች፣ ጉንጉኑን ትተው ስሙን ብቻ ቢጠሩት እመርጣለሁ።