ለሚመጣው እንግዳ ስፍራ ስለ ማዘጋጀት

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ የከበረ እንግዳ ወደ ቤትህ እንደሚመጣ ብትሰማ የምታደርገው ምንድር ነው? ቤቱን ትጠርጋለህ፤ ጕዝጓዝ ታስጐዘጕዛለህ፤ የሚበላውንና የሚጠጣውን ታሰናዳለህ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን ቤቱ በዕቃና በጌጥ ሞልቶ እንግዳው የሚቀመጥበት ስፍራ ቢያጣ ድካምህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በቤተ ልሔም በተወለደበት ሌሊት እናቱ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አላገኘችምና ሕፃኑን በግርግም እንዳስተኛችው ወንጌላዊው ሉቃስ ይነግረናል (ሉቃ. 2፥7)። በዚያ ያደሩት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብሎ አልጻፈም፤ ስፍራው ሞልቶ ነበር እንጂ። እንግዲህ ክፉ ሰው ሳይሆን፥ ቤቱና ልቡ ስለ ሞላ ብቻ ጌታውን በደጅ የሚያስቀር ሰው አለ። ይህ ጽሕፈት ለእንደዚህ ያለው ሰው ተጻፈ፤ እርሱም ምናልባት እኔ ነኝ፤ ምናልባትም አንተ ነህ።

ነገሩ እንዲገለጥልን በአሜሪካ አገር ያለችውን የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ልማድ እንመልከት። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተገኘች ናት፤ አሜሪካ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1789 ዓመት በፊላደልፍያ ከተማ የራሷን ሥርዓት አቋቋመች። (በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የቤተ ክርስቲያኒቱ ዓመት የሚጀምረው በጥር ወር አይደለም፤ በኅዳር መጨረሻ፥ ከሐዋርያው እንድርያስ በዓል አጠገብ በሚውለው እሑድ ነው እንጂ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ያለው ወራት አድቬንት ይባላል፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ መምጣት ማለት ነው። በአገራችን ያሉ ምእመናን ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ፤ ከልደትም በፊት ያሉትን ሰንበቶች ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ እያሉ ይጠሯቸዋል። እነዚያም እንደዚሁ በአራት እሑዶች የጌታን መምጣት ይጠባበቃሉ።

በመጀመሪያው እሑድ የሚነበበው ወንጌል ስለ ሕፃኑ ልደት አይናገርም። ጌታ በክብር ተመልሶ እንደሚመጣ፥ ቀኑንና ሰዓቱንም የሚያውቅ ሰው እንደሌለ፥ ስለዚህም ነቅተን እንድንኖር የሚያስጠነቅቅ ቃል ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው እሑድ የመጥምቁ የዮሐንስ ነገር ይነበባል፤ ወደ እመቤታችን ወደ ማርያምና ወደ ልደቱ ነገር የሚደረሰው በአራተኛው እሑድ ነው። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያውን መምጣት በደስታ ልናስብ የሚገባን ለሁለተኛው መምጣት በሥራ የተዘጋጀን ስንሆን እንደ ሆነ ነው።

በዚህ ወራት በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ከለምለም ቅጠል የተጐነጐነ አክሊል ይቀመጣል። በላዩም አራት ሻማዎች አሉ፤ በየእሑዱ አንድ አንድ እየጨመሩ ያበሩታል። ይህ ልማድ ከየት መጣ ብለህ ብትጠይቅ፥ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን የሚባል ሰባኪ ነበረ። እርሱም ረዳት የሌላቸውን የድሆች ልጆች ሰብስቦ ያሳድግ ነበር። ልጆቹ የልደት ቀን መቼ ነው እያሉ ዘወትር ቢጠይቁት፥ በ1839 ዓመት በመንኰራኵር ላይ ለሥራ ቀኖች ትንንሽ ሻማዎችን፥ ለእሑዶችም አራት ትላልቅ ሻማዎችን አቁሞ ቀኖቹን በብርሃን እንዲቈጥሩ አደረጋቸው። እንግዲህ ዛሬ በታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የሚያምረው ይህ ጌጥ መጀመሪያ ለድሀ ልጆች የተሠራ ነበር።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ የሚያዘጋጀው ማን እንደ ሆነ እንይ። በዚያ አጥቢያ ደመወዝ የሚቀበሉት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዛው ሥራ የሚሠራው በፈቃዳቸው በሚያገለግሉ ምእመናን ነው። የመሠዊያ ማኅበር የሚባሉት ቅዳሜ መጥተው ጽዋውንና ጻሕሉን ያጠራሉ፤ የበፍታውን ጨርቅ አጥበው ይተኵሳሉ፤ ሻማውን ይለውጣሉ። ሌሎች ይዘምራሉ፤ ሌሎች በደጅ ቆመው የሚመጣውን ይቀበላሉ፤ ሌሎች ከጸሎት በኋላ ቡና አፍልተው ሕዝቡን በአንድነት ያስቀምጣሉ፤ በሕዝቡ የተመረጡ ሽማግሌዎችም የአጥቢያውን ገንዘብና ቤት ይጠብቃሉ። በ1979 ዓመት በወጣው የጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ያለው ትምህርተ ሃይማኖት የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች እነማን እንደ ሆኑ ሲዘረዝር አስቀድሞ የሚጠራው ኤጲስቆጶሱን አይደለም፤ ቄሱንም አይደለም፤ ተራውን ምእመን ነው። በጥምቀትም ሥርዓት ሕዝቡ ክርስቶስን በሰው ሁሉ ዘንድ ፈልገው ሊያገለግሉት ቃል ይገባሉ። ቃሉን መግባት ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ስፍራ ይጠይቃል።

እስቲ ስፍራን በእውነት ስላዘጋጁ ሰዎች ልንገርህ። በኒው ዮርክ ከተማ የቅዱሳን ሐዋርያት የምትባል የዚህች ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ አለች። በ1982 ዓመት ምእመናኑ ለተራቡ ሰዎች በሥራ ቀን የቀትር ምሳ ማብላት ጀመሩ፤ እያደረም የሚመጣው ሕዝብ በቀን እስከ ሺህና ከዚያም በላይ ደረሰ። በ1990 ዓመት እሳት ተነሥቶ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን ሕንጻ ክፉኛ አቃጠለው። ጣራው በወደቀ ጊዜ ማዕዱን ለጊዜው እንተወው ማለት ይቻላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን ማብላታቸውን አላቋረጡም። ሕንጻው ከታደሰ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ይኸውም የቀድሞዎቹ አግዳሚ ወንበሮች በስፍራቸው ይተከሉን የሚል ነው። ምእመናኑም ወንበሮቹን መልሰው እንዳይተክሉ ቈረጡ፤ እሑድ የሚጸለይበት ወለል በሌላው ቀን ለተራቡት ገበታ ይዘረጋበት ዘንድ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ነገር አስተውል። ለድሀ ከትርፍ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ አባቶችህ የተቀመጡበትን ወንበር አንሥቶ ለድሀ ስፍራ ማስለቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛውም ምሳሌ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ያለችው የቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ አጥቢያ ናት። የአገራችን ሰው ወደዚያ ቢገባ በዑደት ጊዜ የኢትዮጵያን መስቀልና የኢትዮጵያን ጥላ አይቶ ይደነቃል። ሣራ ማይልስ የምትባል ጋዜጠኛ ያለ ሃይማኖት ስትኖር ሳለች በ1999 ዓመት ወደዚህች ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ ከቅዱሱም ማዕድ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ እኔ ሳልጠራ የበላሁ ከሆንሁ ሌላውን እንዴት እከለክላለሁ የሚል አሳብ ያዛት፤ በ2000 ዓመትም አትክልትና እህል በመሠዊያው ዙሪያ ተደርድሮ ለችግረኞች በነጻ የሚታደልበትን ሥራ አቋቋመች። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ሊቀበሉ ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ቆይተው አዳዮች መሆናቸው ነው። ስፍራ ማዘጋጀት ይህ ነው፤ ድሀውን በእጁ መቀበል ብቻ ሳይሆን በእጁ መስጠትም እንዲችል ማድረግ።

ምናልባት በልብህ፥ እነዚህ ታላላቅ ከተሞች ናቸው፤ እኔ ግን ትንሽ ሰው ነኝ ትል ይሆናል። እንግዲያስ ይህን ትንሽ ምሳሌ ስማ። አንዲት ምእመንት ነበረች እንበል። ለአጥቢያዋ የምትተጋ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ መሠዊያውን የምታሰናዳ ሴት ናት። ከሦስተኛው እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ የጥድ ቅርንጫፍ በክንዷ ታቅፋ፥ ያልተተኰሰው ጨርቅ እየጠበቃት፥ የጽጌረዳ መልክ ያለውን ሻማ የት እንዳስቀመጡት ጠፍቷት ስትጨነቅ፥ አንድ ሽማግሌ ከብርድ ጋር በሩን ከፍቶ ገባ። ጥቂት ልሙቅ ብሎ ለመናት። እርሷም ሳትቈጣ፥ በትሕትና ቃል፥ አባቴ፥ ዛሬ ለነገ እያዘጋጀን ነውና ነገ ይምጡ አለችው። ሰውየውም ይቅርታ ብሎ በሩን በቀስታ ዘግቶ ሄደ።

በማግሥቱ ሁሉ ነገር አምሮ ነበር። ወንጌሉም ተነበበ፤ ዮሐንስ በወኅኒ ሳለ የምትመጣው አንተ ነህን ብሎ ወደ ኢየሱስ እንደ ላከ፥ ጌታም ስለ ራሱ ክብር ሳይናገር ወደ ዕውሮችና ወደ አንካሶች ወደ ድሆችም እንዳመለከተው የሚናገረው ነው (ማቴ. 11፥2-6)። ያን ጊዜ ሴቲቱ የሽማግሌው ድምፅ ትዝ አላት። ዓይኗን አንሥታ በወንበሩ ሁሉ ፈለገችው፤ አልመጣም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣች ቍጥር መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ አንድ ወንበር ወስዶ በምድጃው አጠገብ ማኖርና በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ሆነ። ሌሎች ሰዎች መጥተው ተቀምጠውበታል፤ ያ ሽማግሌ ግን አልተመለሰም። ወዳጄ ሆይ፤ ንስሓ ልብን ያድሳል፤ ያለፈውን ሰዓት ግን መልሶ አያመጣም። የምሥራቹን ቃል ነቅታችሁ ጠብቁ የሚያሰኘው ይህ ነው።

እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን በፈቃድህ ለማገልገል ብትወድ፥ ወይም አሁን የምታገለግል ብትሆን፥ እነዚህን ምክሮች ተቀበል።

አንደኛ፥ ቃልህን ጠብቅ። ደመወዝ የሌለበት ሥራ ነውና ብቀር ምን አለበት አትበል። በደመወዝ የሚሠራ ሰው ቢቀር ገንዘቡ ይጐድልበታል፤ አንተ ብትቀር ግን የሚጐድለው የተራበው ሰው እንጀራ ነው።

ሁለተኛ፥ ሥራህን ለመታየት አታድርግ። በእነዚህ ወራት መካከል፥ በታኅሣሥ 6 ቀን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ የሜራው ኤጲስቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ይታሰባል። ስለ እርሱ እንደሚተረከው ለሦስት ድሆች ልጃገረዶች ጥሎሽ የሚሆን ወርቅ በሌሊት በስውር ወደ ቤታቸው ጣለ። ስሙ በሰሌዳ ካልተጻፈለት የማይሰጥ ሰው ዋጋውን አስቀድሞ ተቀብሏል።

ሦስተኛ፥ ትንሹን ሥራ አትናቅ፤ በትልቁም አትመካ። ጽዋ የሚያጥብና ከመድረክ የሚሰብክ በአንድ ጌታ ቤት ናቸው። ይህ የእኔ ሥራ ነው፥ ሌላ ሰው አይንካው ብለህ በአገልግሎትህ ላይ ባለቤት አትሁን፤ በዚህ ምክንያት ስንት ማኅበር ፈርሷል!

አራተኛ፥ የምትረዳውን ሰው ስሙን ጠይቅ። ዓይኑን ሳታይ እንጀራ ብትሰጠው ሆዱን ታጠግባለህ፤ ልቡን ግን ታስርበዋለህ። በዕድሜ ቢበልጥህ አንቱ በለው፤ ቢያንስህም እንደ ወንድምህ አነጋግረው። ድህነት የሰውን ማዕርግ አይሽርምና።

አምስተኛ፥ ማርታ እንዳትሆን ተጠንቀቅ። እርሷ ጌታን በቤቷ ተቀብላ ሳለች በማገልገል ብዛት ታወከች፤ እኅቷ ማርያም ግን በእግሩ አጠገብ ተቀመጠች (ሉቃ. 10፥38-42)። ጌታ ማርታን የገሠጻት ስለ ሠራች አይደለም፤ በብዙ ነገር ስለ ተጨነቀች ነው እንጂ። ጸሎት የሌለበት አገልግሎት ዘይት እንደሌለው መብራት ነው፤ ክሩ እስኪያልቅ ይጤሳል እንጂ አያበራም።

አንተ ተማሪ ወንድሜ ሆይ፤ ገንዘብ የለኝም ብለህ አታመካኝ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ደብዳቤውን የምታነብበት ግማሽ ሰዓት አለህ። አንተ ነጋዴ ሆይ፤ ሱቅህ በዕቃ የሞላ ነው፤ ነገር ግን በደጁ በረንዳ ላይ የሚደገፈውን ሰው ስሙን ታውቃለህን? አንቺም እመቤት ሆይ፤ ለበዓል ከምታሰናጂው ወጥ አንዱን ሳሕን አስቀድመሽ ለይተሽ አኑሪ፤ የተረፈው ሳይሆን የመጀመሪያው ይሁን። ይህን ለማድረግ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም፤ በዓልም መጠበቅ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ ደጃፉ ላይ ቁምና፥ በዚህ ቤት አንድ ሰው ቢመጣ የት ይቀመጣል ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልስ ካጣህ ከዕቃህ አንዱን አንሣ።

ጌታ በቀኑ ይመጣል፤ እርሱን ልናፈጥነው ወይም ልናዘገየው አንችልም። ከእኛ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጣ ጊዜ ሞልቷል የሚል ድምፅ ከቤታችን እንዳይሰማ ነው።

የእስራኤል ተስፋ የሆንህ ጌታ ሆይ፤ በከንቱ ነገር የሞላውን ልባችንን ባዶ አድርግልን፤ ያንኑ ባዶ ስፍራ አንተ በሰላምህ ሙላው። በደጃችን የቆመውን ወንድማችንን ሳናውቀው እንዳንመልሰው ዓይናችንን ክፈትልን። በመጨረሻም ወደ አንተ ስንመጣ በአባትህ ቤት ስፍራን አታሳጣን። አሜን።